የሰማንያ ሦስት ግራም ዘንግ

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ «ግራሙ» ይሉታል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በመለኪያዎች ቁጥጥር ቢሮ ተቀጥሮ፣ ከሥጋ ቤት ሥጋ ቤት፣ ከእህል መደብር እህል መደብር እየዞረ የነጋዴውን ሚዛን ሲያጣራ የኖረ ሰው ነው። ሃያ ሃያ ኪሎ የሚመዝኑ የብረት መመዘኛዎችን በቀኝ ትከሻው ተሸክሞ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ከርሞ፣ በመጨረሻ ትከሻው እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ይል ጀመር። ሸሚዝ ለመልበስ እንኳ አግዙኝ ማለት ሲመጣ፣ ሚስቱ እየጎተተች ሐኪም ዘንድ ወሰደችው።

ሐኪሟ ክንዱን ወዲህ ወዲያ አድርጋ አየችና፣ «ከእንግዲህ ከባድ ነገር እንዳያነሱ። ግን ዝም ብለው አያስቀምጡት፤ ቀስ እያለ መንቀሳቀስ አለበት። ለምን ዓሣ አያጠምዱም? ቀለል ያለ ዘንግ ይዘው ውሃ ዳር ቁጭ ቢሉ ይሻልዎታል» አለችው።

«ቀለል ያለ ሲሉ ስንት ግራም ነው?» አላት።

ሐኪሟ ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ውጭ አሥራ አንድ በሽተኛ ተሰልፏል። «በቃ መቶ ግራም ይበሉት» አለችው ለመገላገል።

«እስከ መቶ ነው ወይስ ከመቶ በታች?»

«እስከ መቶ።»

ወረቀት ላይ ጽፋ እንድትፈርምለት ለመናት። ፈረመችለት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤቱ ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ ተራ በተራ ሚዛን ላይ ወጣ። ማንኪያ አርባ ሁለት ግራም ሆኖ ተፈቀደ። የሻይ ብርጭቆ ከነሻዩ ሁለት መቶ ሠላሳ ስለሆነ ወደ ግራ እጅ ተዛወረ። የጥርስ ብሩሽ ያለ ችግር አለፈ። ሳሙና አዲስ ሲሆን ተከለከለ፤ አልቆ አልቆ ግማሽ ሲደርስ ተፈቀደ። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ቀኑን ሙሉ መኪናዋ ላይ አቀርቅራ ይህን ሁሉ በዓይኗ ጥግ ታያለች። አንድ ሳምንት ቻለችው። በስምንተኛው ቀን መቀሷን ሊመዝን ሲያነሳው ግን መርገጫውን አቆመች።

«መቀሱን የማነሳው እኔ ነኝ። የእኔን ትከሻ ደግሞ እስከ ዛሬ የጠየቀው የለም። አንተ ሰውዬ፣ ሂድና ዘንግህን ግዛ፤ ከሁለት ሺህ አምስት መቶ ብር ግን እንዳታሳልፍ» አለችው።

የማጥመጃ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ በከተማው አንድ ብቻ ነው፤ ቀለም መሸጫና ጫማ ማደሻ መሃል ተጣቦ የተቀመጠ ጠባብ ክፍል። ባለሱቋ ሱቁን የወረሰችው ከአጎቷ ነው። ዓሣ ከሳህን ላይ በቀር አይታ አታውቅም። ስለ ዘንግ የምታውቀውም አጎቷ ጽፈው ግድግዳ ላይ የለጠፉትን የዋጋ ወረቀት ያህል ብቻ ነው፤ ከዚያ ላይ አትጨምርም፣ አትቀንስም። ወረቀቱ ዘንጎቹን በክብደት ይከፍላቸዋል። እስከ ሰባ ግራም ያለው ዘጠኝ ሺህ፣ ከዚያ እስከ መቶ ስድስት ሺህ፣ እስከ መቶ ሃምሳ ሦስት ሺህ፣ እስከ ሦስት መቶ ሁለት ሺህ፣ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ አንድ ሺህ ነው።

ግራሙ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። «ዕቃው እያነሰ ሲሄድ ዋጋው ይጨምራል ማለት ነው?» አላት።

«አዎ ጋሼ።»

«ምንም ባይኖርበትስ?»

ባለሱቋ ወደ ወረቀቱ ዞር ብላ አየች። «እሱን አልጻፉትም» አለች።

ግራሙ በልቡ አሰላ። ለእጁ ከመቶ የማይበልጥ ያስፈልገዋል፤ ለኪሱ ከመቶ ሃምሳ የሚበልጥ። ሁለቱ ቁጥሮች ጀርባ ለጀርባ ተዟዙረው ቆመዋል። ለማንኛውም ብሎ «ላባ» የሚባለውን፣ ሰባ ግራም ተብሎ የተለጠፈበትን ቀጭን ዘንግ ጠየቃት። አውርዳ ስትሰጠው ከቦርሳው ትንሿን የእጅ ሚዛን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ በመመዘኛ አስተካከላት፤ በሩን ንፋስ እንዳያስገባ ዘጋው፤ ከዚያ መዘነው።

«ሰማንያ ሦስት» አለ።

«ሰባ ነው የሚለው።»

«ሚዛኗ ሰማንያ ሦስት ትላለች።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይከራከር ነበር። ባለሱቋ ግን ወረቀቱ ላይ ጣቷን አሳርፋ አንድ መስመር ወደ ታች ወረደች። «እንግዲያው ስድስት ሺህ ነው» አለች።

በአንድ ትንፋሽ ሦስት ሺህ ቀነሰ። ግራሙ ደስታውን በፊቱ ላይ አላሳየም። ዘንጉን ወዲያ ወዲህ ሲያገላብጥ፣ ከኋላው መንጠቆ ሊገዛ መጥቶ ተራ የሚጠብቅ አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ነበር፤ ነገሩ ስለጣመው መንጠቆውን ረስቶታል።

«ይህ ዘንግ የሚሸጠው ባዶውን ነው?» አለ ግራሙ።

«ከነከረጢቱ ነው።»

«ከረጢቱ ለብቻው ዋጋ አለው?»

«የለውም። አብሮ ነው።»

«አብሮ የሚሸጥ ከሆነ አብሮ ይመዘናል።»

ባለሱቋ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበች። ወረቀቱ ስለ ከረጢት አንድም ቃል አይልም፤ ይመዘናልም አይመዘንምም አይልም። ወፍራሙን የሸራ ከረጢት ከመደርደሪያ አወጣች፤ ዘንጉን ከተተችበት። መቶ ዘጠና አምስት ግራም ሆነ። ጣቷ ሁለት መስመር ወረደች።

«ሁለት ሺህ» አለች።

የቧንቧ ሠራተኛው ከዚህ በላይ መቻል አቃተው። ከኪሱ ፒንሳውን አውጥቶ ከረጢቱ ውስጥ ጣለና፣ «አሁንስ?» አላት። አራት መቶ ስድሳ ሆነ። «አንድ ሺህ» አለች ባለሱቋ፤ ፊቷ ላይ ግን ላብ መታየት ጀምሯል። ሰውዬው ጫማውን ሊያወልቅ አጎነበሰ።

«ተወው» አለው ግራሙ ቆጣ ብሎ። «ፒንሳው የዘንጉ አካል አይደለም። ሰውን በሚዛን መሸወድ ወንጀል ነው።» ፒንሳውን አውጥቶ መለሰለትና ሁለት ሺውን ቆጥሮ ከፈለ። ባለሱቋ በዓይኗ አመሰገነችው።

ነገር ግን ሥራ ሥራ ነው። ሰባ ተብሎ ሰማንያ ሦስት የሚመዝን ዕቃ እጁ ላይ ገብቶ በዝምታ ማለፍ አይችልም። እዚያው ቁጭ ብሎ የአሥራ ሦስት ግራም ልዩነት መገኘቱን የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ጻፈላት፤ ሰኞ ተመልሶም ማኅተም አደረገበት። ባለሱቋ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሱቋ ሲገባ የመጀመሪያው ነበርና መስተዋት ውስጥ አስገብታ ሰቀለችው። ገበያተኛው ርቀት ላይ ሆኖ ማኅተሙን ብቻ ስለሚያይ የምስክር ወረቀት መስሎት ይገባል። ገበያዋ ደራ ይባላል።

እሑድ ግራሙ ከከተማው ውጭ ወዳለው ግድብ ዳር ወረደ። እዚያ ሰባት ስምንት ሰዎች እንደ መጥረጊያ እጀታ የወፈረ ዘንግ ይዘው በየድንጋዩ ላይ ተቀምጠዋል፤ የቧንቧ ሠራተኛውም አለበት። የግራሙ ዘንግ ከመቅለሉ የተነሳ መያዙ አይታወቀውም። በየአፍታው እጁን ያያል። አንድ ጊዜ እንዲያውም ዘንጉ ጠፋኝ ብሎ ተነስቶ፣ ዘንጉን እንደያዘ ዘንጉን ሲፈልግ ሰዎቹ አይተውታል። እዚያ ሰው ሰውን አይናገርም።

መናገር የጀመሩት ዓሣ ሲወጣ ነው። የቧንቧ ሠራተኛው ዓሣ አወጣና፣ «ሁለት ኪሎ አይሞላም ብላችሁ ነው?» አለ። ግራሙ በቅንነት፣ ሊረዳው ብሎ፣ ሚዛኗን አቀረበለት። ስድስት መቶ አርባ ግራም ሆነ። የቧንቧ ሠራተኛው ዓሣውን በኮፍያው ሸፈነው። ከዚያ ወዲያ የአንዱን «ሦስት ኪሎ» ወደ ዘጠኝ መቶ ግራም አወረደው፤ የሌላውን «ሕፃን ልጅ የሚያህል» የተባለ ዓሣ ሦስት መቶ አሥር። ሰዎቹ ዓሣቸውን ይዘው፣ ሳይሰናበቱት ወደ ቤታቸው ሄዱ።

በሚቀጥለው እሑድ የመጡት አራት ናቸው። በሦስተኛው ሁለት። ግራሙ ብቅ ሲል የያዙትን ዓሣ መልሰው ውሃ ውስጥ ይለቁታል። እሱ አልገባውም፤ ዓሣው ቀነሰ ብሎ ለቢሮው ሪፖርት ማርቀቅ ጀምሮ ነበር።

በአራተኛው ሳምንት ሐሙስ ከሥራ ሲመለስ ሦስት ሰዎች ሳሎን ውስጥ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠው አገኘ። የቧንቧ ሠራተኛው፣ አንድ ጡረተኛ የባቡር ነጂና አንድ የጥርስ ሐኪም ናቸው፤ ሦስቱም ግድቡ ዳር የሚያጠምዱ። ለሽምግልና ነው የመጡት። እሱን አላናገሩትም፤ ያናገሩት ሚስቱን ነው፣ ጉዳያቸውንም ጨርሰው ሊነሱ ነበር። ሻይ ጠጥተው፣ እጅ ነስተው ወጡ።

«ምን ፈልገው ነው?» አላት።

«ሚዛንህን እንድደብቅላቸው።»

«ምን አደረግኳቸው? አንድ ግራም አልጨመርኩ፣ አንድ ግራም አልቀነስኩ።»

ሚስቱ መኪናዋ ላይ ክር እያስገባች ነበር፤ ቀና አላለችም። «እሱን ነው የሚሉት» አለች። «ሳምንቱን ሙሉ አለቃ ይቆጥራቸዋል፣ ሰዓት ይቆጥራቸዋል፣ እኔ ነኝ ያለ ሁሉ ይቆጥራቸዋል። እሑድን ተውላቸው። የጥርስ ሐኪሙ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም እኮ።»

ግራሙ ያን ሌሊት ግድግዳው ላይ አፍጥጦ አደረ ማለት ይቻላል። እሑድ ጠዋት ሚዛኗን ፍለጋ መሳቢያውን ከፈተ፤ የለችም። አልጠየቀም። ባዶ ኪሱን እየዳበሰ ወረደ። ሰዎቹ በሙሉ ተመልሰዋል፤ ኪሱን በዓይናቸው ፈተሹና ቦታ ለቀቁለት።

ረፋዱ ላይ ክሩ ተወጠረ። ያ ክር የሚያህል ዘንግ እንደ ቅስት ጎበጠ፤ የባቡር ነጂው «ቀስ፣ ቀስ፣ አታጣድፈው» እያለ አጠገቡ ቆመ፤ ከብዙ ልፊያ በኋላ አንድ ብርማ ዓሣ ሣሩ ላይ ወደቀ። ግራሙ መዳፉ ላይ አደረገው። የሠላሳ አንድ ዓመት መዳፍ አይሳሳትም፤ አራት መቶ ሃያ፣ ቢበዛ አራት መቶ ሃያ አምስት።

«ስንት ይሆናል?» አለ የቧንቧ ሠራተኛው።

ሁሉም ዘንጋቸውን እንደያዙ ዞረው ያዩታል። ግራሙ ባዶ ኪሱን ዳበሰ።

«ኪሎ ተኩል» አለ ድምፁ ቅጥን ብሎ።

«እንዲያውም ይበልጣል» አለ የጥርስ ሐኪሙ፣ ፊቱ በርቶ።

«አይበልጥም» አለ ግራሙ ቶሎ ብሎ። ዓሣውን አየው። ከዚያ ትንሽ አሰበና፣ «ግን አይጎድልም» አለ።