ባዶ የተባሉት ድምፆች

በሬዲዮ ጣቢያው የኮምፒውተር ክፍል የምትሠራውን ሴት ሁሉም «ቆይማ» ይላታል። ምንም ነገር ስትጠየቅ ቆይማ ሳትል መልስ ሰጥታ አታውቅም። ባሏ እንኳ እናግባ ሲላት ያገኘው መልስ ይኸው ነው ይባላል። ሰውየው ቆየ፤ ተጋቡ።

አንድ ጠዋት የድምፅ ማኅደሩ ኃላፊ በሯ ላይ መጥተው ቆሙ። ለጡረታ የተቃረቡ፣ ለክፉም ለደጉም ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ናቸው። ከቅጂዎቹ ግማሹ ባዶ ሆኗል አሏት፤ መጠኑ ዜሮ፣ የተቀረጸበት ቀን ደግሞ ጣቢያው ከመቋቋሙ በፊት።

«የእናቴም ድምፅ እዚያ ውስጥ ነው» አሉ።

ባዶ ፋይል እየለቀመ የሚሰርዝ ፕሮግራም በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ይነሣል። መጀመሪያ እሱን አስቆመች። ከዚያ የእናትየውን ፋይል ለብቻው በስሙ ጠቅሳ ፋይሎቹ የተቀመጡበትን ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩን፣ ጠየቀችው። መጠኑንም ቀኑንም አሟልቶ መለሰላት። ሲከፍቱት ሴትዮዋ ስለ ሰፈራቸው የውኃ ቧንቧ ያማርራሉ። ኃላፊው ምሬቱ እስኪያልቅ ቆመው ሰሙ።

ያኔ ነገሩ ወለል አለላት። ሰርቨሩ የፋይሎቹን ዝርዝር ባንዴ ሲጠየቅ፣ መጠንና ቀን ቶሎ ያላገኘለትን ፋይል ስሙን ብቻ ይልካል። የአሠራር ደንቡም ይፈቅድለታል። ዝርዝሩን ለማሳየት እሷ ባለፈው ሳምንት የጻፈችው ፕሮግራም ግን የጎደለውን ሁሉ በዜሮ ይሞላ ነበር፤ «አላውቅም» ሲባል «የለም» ብሎ እንደሚሰማ ሰው። ዜሮ የተባለውን ቀን ደግሞ ኮምፒውተሩ ከድሮ ዘመን ይቆጥረዋል። ጥፋቱ የሷ መሆኑን ነገረቻቸው። እሳቸውም እሺ አሉ።

ፕሮግራሙን አስተካከለችው። መጠን ሳይመጣለት የቀረውን ፋይል ለብቻው ደግሞ ይጠይቃል፤ ያኔም መልስ ካጣ «አልታወቀም» ብሎ ያልፋል። ዝርዝሩ ቀርፋፋ ሆነ፤ ጋዜጠኞቹ አጉረመረሙ፤ ቅጂዎቹ ግን አንድ ባንድ ተመለሱ። አንዱ ብቻ ቢጠየቅ ቢጠየቅ ዝም አለ። ኃላፊው ለሚያቀርቡት ሪፖርት እንዳይጎረብጥ እሱን ዜሮ ብትለው ምን ይመስላት እንደሆነ ጠየቋት።

«ጋሼ፣ ወሬው የጠፋብንን ሰው ሞተ ብለን እናስነግራለን?»



«ልጄ፣ እኛ ሬዲዮ ነን» አሉ ኃላፊው። «አስነግረን እናውቃለን።»

ከዚያ እስክሪብቶዋን ተቀብለው ሪፖርቱ ላይ በዜሮው ቦታ «አልታወቀም» ብለው ጻፉና ፈረሙ።