የአንደኛ ፎቅ እመቤት

የደሴቲቱ ሰው «ካሜራ» ይላታል። ትክክለኛ ስሟን የሚያውቁት እናቷና መታወቂያዋ ብቻ ናቸው። ዓይኗ ያረፈበትን አይረሳማ! የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ለየትኛዋ ሴት ምን ዓይነት ቀሚስ እንደሸጠች፣ ቀሚሱ ስንት ጊዜ እንደተለበሰ፣ አሁን ደግሞ ለየትኛዋ የእህት ልጅ እንደተላለፈ ቁጭ ብላ ትነግራችኋለች። ባትጠይቋትም ትነግራችኋለች።

የምትሠራው ወደቡ ፊት ለፊት ባለው የቤተሰቧ መደብር ነው። ከመርፌ እስከ ፍሪጅ የማይሸጥበት ነገር የለም። አባቷ ድሮ ከጀልባ ሲወርድ የያዘው አንድ ሻንጣ የሸሚዝ ቁልፍ ብቻ ነበር። «ሸሚዝ ሳይኖረው ቁልፍ ይሸጣል» ብለው ሳቁበት። እሱ ግን ቁልፉን ሸጦ ምድር ቤቱን ሠራ። ሴት ልጁ ስትወለድ አንደኛ ፎቅ ጨመረ፤ ወንዱ ሲወለድ ሁለተኛ። ሦስተኛውን ሊጀምር ሲል ሚስቱ «እኔ ከዚህ በላይ ደረጃ አልወጣም» አለች፤ ሕንጻውም ልጅ መውለዱም እዚያው ላይ ቆመ።

አባት ሲሞት ሁሉም በየፎቁ ቀረ። እናት ምድር ቤት ከድስትና ከባልዲው ጋር፣ ካሜራ አንደኛ ፎቅ ከጨርቁ ጋር፣ ታናሽ ወንድሟ ደግሞ ሁለተኛ ፎቅ ከፍሪጁና ከልብስ ማጠቢያው ጋር። አዎ፣ ጨርቁ ታች፣ ፍሪጁ ላይ! አንድ ፍሪጅ ሲወጣ አራት ሰው ያልበዋል፤ ተሸጦ ሲወርድ ደግሞ እነዚያው አራት ሰዎች ይሳደባሉ። ስለዚህ ወንድሟ በዚህ ዓለም ላይ የሚመኘው አንድ ነገር ቢኖር የእህቱን ፎቅ ነበር።

«እትዬ፣ ጨርቅ እኮ አይከብድም። አንቺ ውጪ፣ እኔ ልውረድ» ይላታል።

«ጨርቁስ ይወጣ ነበር። የደንበኞቼን ጉልበት ማን ተሸክሞ ያወጣልኛል?»

እውነቷን ነው። ከደንበኞቿ ግማሾቹ አንደኛ ፎቅ የሚደርሱት እንኳ መሃል ላይ አርፈው፣ ባላቸውን አምተው ነው። ሁለተኛ ፎቅ ወጣች ማለት ሥራዋ አከተመ ማለት ነው።

ደግሞ ሥራዋን ትወደዋለች፤ የራሷም ሥርዓት አላት። ከአንድ ዓይነት ጨርቅ ከሁለት ቀሚስ በላይ አታስመጣም። ደሴት ነዋ! ሁሉም ሰው ሁሉም ግብዣ ላይ ይገናኛል። «ይሄ ላንቺ አይሆንም» ስትል ሴቶቹ መልካቸውን ያየች ይመስላቸዋል። እሷ የምታየው ግን ያንኑ ጨርቅ ባለፈው ወር የወሰደችውን ጎረቤታቸውን ነው። ለባሕር መብራቱ ጠባቂ ሚስትና ለአዋላጇ ብቻ ያለ ሥጋት አንድ ዓይነት ትሸጣለች። በአንዲት ፍየል የተነሳ ከተኳረፉ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ አንዷ ካለችበት ሌላዋ ዝር አትልም።

ወንድሟ «ይሄ ወሬ ነው እንጂ ሥራ አይደለም» ይላል።

ታዲያ አንድ ጊዜ መንጋጋዋን አመማትና ለሕክምና ለሳምንት ወደ ማዶ መሻገር ግድ ሆነባት። ወንድሟ እንዲህ ያለውን ዕድል ሊያሳልፍ ነው? ወዲያው እናቱ ዘንድ ወረደ።

«እማዬ፣ እስክትመለስ ሁለቱንም ፎቅ እኔ ልያዝ። አንድም ደንበኛ ካላስቀየምኩ አንደኛ ፎቅ የኔ ይሁን።»

«አንዲት ሴት እንኳ ብታኮርፍ ግን ይሄን ወሬ ሁለተኛ እንዳታነሳብኝ» አለች እናት።

ካሜራ ጉንጯን ይዛ ራሷን ነቀነቀች። እሺ ማለቷ አልነበረም፤ አፏ አልከፈት ብሏት ነው።

ወንድም ሥራ በጀመረ በመጀመሪያው ቀን ከባንኮኒው ሥር ግማሽ ጣቃ ጨርቅ አገኘ። ቢጫ ነው፣ ጥቅል ጎመን የሚያካክል ቀይ አበባ ያለበት። «ደብቃዋለች!» አለ። አልደበቀችውም። ለመሰብሰቢያ አዳራሹ መጋረጃ ሰፍታ ከሰቀለች በኋላ የተረፋት ነው። አዳራሹ ቀለሙ እስኪደርቅ ተዘግቶ ስለነበር መጋረጃውን ያየ ሰው አልነበረም። ቅዳሜ ደግሞ እዚያው አዳራሽ ውስጥ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ልትዳር ነው።

ወንድም ጨርቁን ለሠርጉ ቀሚስ ለሚያሰፉ ዘጠኝ ሴቶች ሸጠ። ለእያንዳንዷ «ይቺ ብቻ ናት የቀረችው፣ ለማንም እንዳትነግሪ» እያለ። በዚያች ደሴት ምሥጢር አምስት ቀን ሲያድር ያ የመጀመሪያው ነው።

ቅዳሜ ካሜራ ጉንጯ ሎሚ የጎረሰ መስሎ ከጀልባ ወርዳ በቀጥታ ወደ ሠርጉ ሄደች። አዳራሹ በር ላይ ስትደርስ ቀጥ ብላ ቀረች። ግድግዳው ሥር ዘጠኝ የሴት ጭንቅላቶች ብቻቸውን ይንሳፈፋሉ! ቀሪው አካላቸው መጋረጃው ውስጥ ጠፍቷል። ፎቶ አንሺው «እባካችሁ ከመጋረጃው ውጡ» እያለ ይለምናል።

«የምን መጋረጃ? ቀሚሴ ነው!» ትላለች አዋላጇ።

ከዳቦ ጋጋሪ ቤት ሠርግ አይቀርምና የመብራት ጠባቂው ሚስትም መጥታለች። በስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አዋላጇ ዞረች።

«ላንቺም ይቺ ብቻ ናት የቀረችው ብሎሻል?»

«ብሎኛል! ደግሞ ምሎልኛል!»

ተያይዘው ወንድምን ፍለጋ ጀመሩ፤ ሰባቱም ተከተሏቸው። እሱ ኬኩ የተቀመጠበት ጠረጴዛ ሥር ነበር።

ካሜራ ዝም ብላ ብትቀመጥ ፎቁ የሷ ነው። ግን ሙሽራዋ ደርሳ፣ ጫጫታውን ሰምታ ማልቀስ ጀመረች። ያን ጊዜ ካሜራ ሐኪሙ ያስጎረሳትን ጥጥ ከአፏ አወጣች።

«አንተ! ከዚያ ውጣና መሰላል አምጣ! መጋረጃውን አውርድ! እናንተ ደግሞ በቁመታችሁ ተሰለፉ። ሙሽራዋን እናንተ ናችሁ የምታስገቧት። ፈገግ በሉ፣ ታስቦበት የተደረገ ይምሰል!»

መጋረጃው ሲወርድ የባሕሩ ብርሃን አዳራሹን ሞላው። ዘጠኙ ሴቶች ሙሽራዋን መሃል አድርገው ሲገቡ ሰው ሁሉ በጭብጨባ ተነሳ። ዳቦ ጋጋሪው «ለልጄ ብለው!» እያለ አለቀሰ።

ወንድም ሰኞ ጠዋት ደረቱን ነፍቶ መጣ። «እማዬ፣ አየሽ አይደል? ማን ተቀየመ?»

እናት ወደ ደረጃው ጠቆመችው። ከላይ እስከ ታች ሴት በሴት ነው፤ ቢጫው ያልደረሳቸው በሙሉ። «እኛስ? እኛ የዳቦ ጋጋሪው ጠላቶች ነን?»

«ውጣና አስረዳቸው» አለችው እናት።

ወጣ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ፍሪጅ የተሸከመ ያህል አልቦት ወረደ።

«እትዬ፣ ፎቅሽን ያዢ! ፍሪጅ ቢያንስ አይናገርም።»

እናት ለእሱም አዘነችለትና ጣሪያው ላይ መዘውር አስተከለችለት። አሁን ፍሪጁ በገመድ ታስሮ በውጭ በኩል ይወጣል። ካሜራና ደንበኞቿ በመስኮት ሲያልፍ ያዩታል፤ ቀለሙንም ይተቹታል። ባለፈው ሳምንት አንድ አረንጓዴ ፍሪጅ ሽቅብ ሲወጣ ወንድም ከላይ አንገቱን አሰገገ።

«እትዬ፣ ይሄን ለአዋላጇ ብሸጥላት ማን ይቀየመኛል?»

«ማንም። ግን የመብራት ጠባቂው ሚስት ሳታየው በፊት ያው ዓይነት ሁለተኛ አስመጣ» አለችው ካሜራ፤ «አሁን እኮ ተዋደዋል፤ አንዷ ያላትን ሌላዋም ካላገኘች ታኮርፋለች።»