ሮኬቱ ሄዶ የተመለሰ ዕለት

ሞተሬ የሚበላው ሻማ ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ እኔ ግን ቀልዴን አይደለም። እናቴ ከቡታጅራ በኩል መጥታ ሮቤ ገበያ ውስጥ ሱቅ ከከፈተች ቆይታለች፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰፈሩ ሁሉ ሻማ ፍለጋ የሚሮጠው ወደ እሷ ነው። እኔ ደግሞ መብራት ሳይጠፋ በካርቶን በካርቶን እወስድባታለሁ። አቀልጠውና ወፍራም የብረት ቱቦ ውስጥ አፈሰዋለሁ፤ መሃሉን ክፍት አድርጌ አረጋዋለሁ፤ በዚያ ክፍት ኦክስጅን እለቅበትና እለኩሰዋለሁ። "ልጅሽ ዩኒቨርሲቲ ምንድን ነው የምትሠራው?" ሲሏት እናቴ "ሻማ ታቃጥላለች" ትላለች። ሥራዬን ከዚህ አሳጥሮ ያስረዳ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ትንሽ ላስረዝመው። የጫማ ካርቶን የሚያህሉ ትንንሽ ሳተላይቶች አሉ። እነዚህ ህዋ ከደረሱ በኋላ ቦታቸውን ለማስተካከል ገፋ የሚያደርጋቸው ይፈልጋሉ፤ ዛሬ ትንሽ፣ ከወር በኋላ ደግሞ ትንሽ። ነዳጁም የሚያነደውም ጠጣር የሆነ ሮኬት ለዚህ አይመችም። አንዴ ከተለኮሰ፣ ልክ እንደ ትምህርት ክፍል ኃላፊያችን ንግግር፣ ያለውን ሳይጨርስ አያቆምም። የእኔው ድብልቅ ነው፤ ነዳጁ ጠጣር፣ የሚያነደው ደግሞ ጋዝ። ጋዙን ስዘጋ ይጠፋል፣ ስከፍት እንደገና ይነሳል። መነሳት ብርቅ አይደለም፤ ማንም ክብሪት ያለው ሰው እሳት ያስነሳል። የእኔ ልፋት ጠፍቶ እንደገና እንዲነሳ ነው። ለዚህ ስል በሮቤ ብርድ ጣቴ እየደነዘዘ ስንት ክረምት አሳልፌያለሁ።

የምሠራበት ክፍል ድሮ የተሰበሩ ወንበሮች መጋዘን ነበር። ወንበሮቹ እያሉ ማንም አልፈለገውም። እኔ አጽድቼ፣ ቀለም ቀብቼ፣ መስኮት ካስገባሁበት በኋላ ግን ለሠራተኞች ካፌ የሚመች ሆኖ ተገኘ። ለማኪያቶ የሚሟገት ሰው ሞልቷል፤ ለሻማ የሚሟገት ከእኔ በቀር አልነበረም። ጮኼ ጮኼ የዩኒቨርሲቲው ክፍል አከፋፋይ ኮሚቴ በመጨረሻ አንድ ነገር ቆረጠልኝ፤ ሞተሩ ጠፍቶ እንደገና ሲነሳ በዓይናችን ካየን ክፍሉ ያንቺ ነው፣ ካላየን የካፌው ነው።

እዚህ ላይ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛው ገባበት። ደስተኛ ሰው ነው፣ ክፋት አያውቅም፤ ያልሆነ ነገር ማብሰር ይወዳል እንጂ። ሙከራው መሬት ላይ እንደሆነ፣ ሞተሩም ከኮንክሪት ጋር በብሎን እንደታሰረ ነገርኩት። ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝ። በማግስቱ ዋናው በር ላይ "ከባሌ ተራሮች ወደ ህዋ!" የሚል ባነር ተሰቅሎ አየሁ። እየሮጥኩ ቢሮው ገባሁ።

"ታስሯል አላልኩህም?"

"ይፈታላ!" አለኝ። "ብሎን አይደል እንዴ?"

ዕለቱ ሲደርስ ሰው ከጎባ በሚኒባስ፣ ከጊኒር በአውቶቡስ መጣ። ከታጨደው የስንዴ ማሳ ዳር ድንኳን ተተክሏል፤ ፊት ለፊቱ ሞተሬ ኮንክሪቱ ላይ ተጋድሟል፤ ዙሪያው አሸዋ በተሞላ ጆንያ ታጥሯል። ኮሚቴው ሶፋ ላይ ተቀመጠ። አንድ ትልቅ እንግዳ በደረሰ ቁጥር የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግሩ ከመጀመሪያው ይጀመራል። ንግግሩ ሲጠፋና ሲነሳ እያየሁ፣ እኛ ዘንድ ለዚህ ሥራ ሞተር ምን ያስፈልጋል አልኩ በልቤ።

በመጨረሻ ምርቃት ተባለ። መራቂው ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ቀስ እያሉ ወደ እኔ መጡ። በአካባቢው ተሰሚ ናቸው፤ እሳቸው የተናገሩትን ሰው ፊት ለፊት የሚያፈርስ የለም። ሞተሩን አዩት፣ አዩትና፦

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄ መንገደኛ ወዴት ነው?" አሉኝ።

"የትም አይሄድም አባባ። እዚሁ ይነሳል፣ ይጠፋል፣ ከዚያ ደግሞ ይነሳል።"

"የትም ለማይሄድ ምን ብዬ ልመርቅ?"

"ደግሞ እንዲነሳ ይመርቁልኝ።"

ጥቂት አሰቡና እጃቸውን ዘረጉ። "የሄደ በሰላም ይመለስ! የጠፋ ይገኝ! የወደቀ ይነሳ!" አሉ። ሕዝቡ "አሚን!" እያለ ተቀበላቸው። በዕለቱ ስለ ሥራዬ ከተነገረው ሁሉ የገባኝ ይህ ብቻ ነበር።

ለኮስኩት። ነበልባሉ ከቱቦው አፍ ወደ ጎን ተወረወረ፤ ጩኸቱ ጆሮ ይበሳል፤ አስፋልቱ ዳር የቆሙ የጋሪ ፈረሶች ደነበሩ። ሥራዬ በራ! በደስታ ዞሬ ኮሚቴውን ባይ፣ ሁሉም አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ሰማይ ሰማይ ያያል። ሕዝቡም እንዲሁ። እሳቱ አፍንጫቸው ሥር እየነደደ እነሱ ደመና ይቆጥራሉ። ጋዙን ዘጋሁት፤ ጸጥ አለ።

"ሄደ!" አለ አንዱ።

"ደመናውን ሰንጥቆ ሲገባ አይቼዋለሁ!" አለ ሌላው። "ወደ ሳነቴ አምባ ነው የታጠፈው" ያለም ነበር። ከጊኒር የመጣ የከብት ነጋዴ ጭራው ቀይ እንደነበር ወላሂ ብሎ ማለ። የሕዝብ ግንኙነቱ ማይክራፎኑን ነጥቆ የምስራቹን አበሰረ፣ ድንኳኑም በእልልታ ተናጋ።

ወደ ኃላፊያችን ሮጥኩ። "አልሄደም! ይኸው እዚህ ነው! አሁን ነው እንደገና የሚነሳው፣ ዞር ብላችሁ እዩት!"

ኃላፊው ሞተሩን አየ፣ ሕዝቡን አየ፣ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እህቴ፣ ይሄ ሁሉ ሰው ሲሄድ አይቶታል።"

"ታዲያ ይሄ የታሰረው ምንድን ነው?"

"ይሄማ ማስቀመጫው ነው" አለኝ።

በዚህ መሃል የጥብስ ሽታ መጣ። የእስላምም የክርስቲያንም ምሳ በሁለት አዳራሽ ተሰናድቷል፤ ሰው ሁሉ ወንበሩን እየገፋ ተነሳ። ኃላፊው ሄድ ካለ በኋላ ተመልሶ መጣና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። "እንኳን ደስ አለሽ። እንግዲህ ሮኬቱ ከሄደ ክፍሉ ምን ያደርግልሻል? ካፌው ሰኞ ይረከበዋል።" ከልቡ ነበር የሚያጽናናኝ። እኔ ግን በቁም ነደድኩ። ወድቄ ቢሆን ኖሮ ሌላ ዕድል ስጡኝ እል ነበር፤ ተሳክቶልሻል ተብሎ የሚባረር ሰው ግን የይግባኝ ቃል የለውም።

ዞር ስል ባዶ ወንበሮቹ መሃል ሁለት ሰው ቀርቷል፤ እናቴና መራቂው።

"እናንተ ምሳ አትሄዱም?" አልኳቸው።

"ግማሹ ሻማ ገና አልነደደም ብለሽኝ አልነበር?" አለች እናቴ። "እሱን ሳላይ የት እሄዳለሁ?"

ሽማግሌው ደግሞ፣ "ይመለስ ብዬ መርቄ፣ ሳይመለስ ልበላ ልቀመጥ?" አሉ።

ጋዙን ከፈትኩ። ተነሳ! ዘጋሁት፣ ጠፋ። ከፈትኩት፣ እንደገና ተነሳ፤ ከመጀመሪያው ይበልጥ ጠርቶ፣ ቀጥ ብሎ። እናቴ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሽማግሌው ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

"ዴቢኤ!" አሉ። "ተመለሰ!"

ከዚያም ዱላቸውን አንስተው ወደ ምሳ አዳራሹ አመሩ፤ እኔም ጋዙን ዘግቼ ተከተልኳቸው። ሲገቡ ሰው ሁሉ ተነሳላቸው።

"ተመልሷል" አሉ፣ ሳይቀመጡ።

"ማን አባባ?" አለ ኃላፊው።

"መንገደኛው ነዋ። እኔና እኚያ እናት አይተነዋል።"

የኃላፊው ጉርሻ አፉ ሳይደርስ ቆመ። ዓይኑ ውስጥ ሒሳቡ ሲሠራ ይታየኝ ነበር። አልተመለሰም ቢል ሽማግሌውን ዋሹ ማለቱ ነው። እዚያው ነው ያለው ቢል ደግሞ ያልሄደውን ሄደ ብሎ ያስጨበጨበው ማን ሊሆን ነው?

"ቤቱን ለሻይ ቤት ሰጣችሁት ሲባል ሰማሁ" ቀጠሉ ሽማግሌው። "መንገደኛ ደክሞት ሲመለስ ቤቱ ተይዞ ነው የሚጠብቀው? ባሌ ውስጥ?"

"ኧረ በፍጹም!" አለ ኃላፊው። ኮሚቴውም ጉርሻውን ውጦ በፍጹም በፍጹም አለ። ሮኬቱ ተልእኮውን ፈጽሞ በሰላም ስለተመለሰ ማረፊያው እንዲጸናለት እዚያው ተወሰነ። የሕዝብ ግንኙነቱ ከአዳራሹ የወጣው አዲስ ባነር ሊያሠራ ነው። ሞተሩ እንደገና ሲነሳ ግን ከኮሚቴው አንድም ሰው ሄዶ አላየም፤ እስከ ዛሬም አላየም።

ሽማግሌውን ባጃጅ ድረስ ሸኘኋቸው። ነገሩ አልዋጥልህ አለኝ።

"አባባ፣ እርስዎም ሰማይ ሰማይ ያዩ ነበር እንዴ?"

"አንገቴ ካመመኝ ቆየ፣ ቀና አይልልኝም። ፊት ለፊቴን ነው የማየው።"

"ታዲያ ተመለሰ ያሉት?"

"ሲጠፋ አየሁ፣ ሲነሳ አየሁ" አሉኝ። "በመሃል የት ቆይቶ እንደመጣ አንቺ ታውቂያለሽ?"

አላውቅም አልኳቸው። እውነቴን ነው። "ሲጠፋ አየሁ፣ ሲነሳ አየሁ።" ያ ሁሉ ሶፋና ያ ሁሉ ድንኳን የተሰናዳው አንድ ሰው ይህን እንዲለኝ ነበር። ባጃጁ ወደ ጎባ መንገድ ሲታጠፍ አስፋልቱ ዳር ቆሜ አለቀስኩ፣ ደስ ብሎኝ።