ሬዲዮ የማትይዘው ጣቢያ

ሰኔ ሦስት ቀን ነበር። ነበር እንዴ? እህቴ «ፀጉር ቤቱን ቀለም ባስቀባሁበት ሰሞን ነው፤ ግንቦት ነው» ትላለች። እኔ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ፈተናዬን ጨርሼ መመለሴን አስታውሳለሁ፤ ፈተና ግንቦት ላይ አያልቅም። ብቻ የቀኑ ነገር ይቅርና፣ እህቴ ቀጥራ የምታሠራት ልጅ ስልኳን አንዲት ደንበኛ ጆሮ ላይ ደቅና ትንፋሿን ውጣ ስትጠብቅ ያየኋት ያን ቀን ነው።

በስሟ የሚጠራት አልነበረም፤ «ሬዲዮ» ነበር የምትባለው። መንገዳችን ከየአገሩ የመጣ ሰው ተጠጋግቶ የሚኖርበት ነው፤ አንዱ በር ላይ የተጀመረ ጭቅጭቅ ሦስተኛው በር ሲደርስ ቋንቋው ይለወጣል። ሬዲዮ አንድ ሕግ ነበራት። ወንበሯ ላይ የተቀመጠች ሁሉ ተሠርታ እስክትነሣ በገዛ እናቷ ቋንቋ ሬዲዮን ልታወራት ግድ ነው። ሹሩባ ደግሞ ግማሽ ቀን ይፈጃል። እንዲህ እያለች የሰፈሩን ቋንቋ ሁሉ ለቀመችው።

የሥራ ጓደኞቿ «ጣቢያ ቀየረች!» እያሉ ይስቁባታል።

«እናንተ እኮ ባንዱም በወጉ መሳደብ አልቻላችሁ!» ትላቸዋለች።

የማትይዘው የአባቷን ብቻ ነበር። አባቷ ግንበኛ ነው፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ነው ያሳደጋት። የሰው መሳቂያ እንዳትሆን ብሎ በገዛ ቋንቋው አንዲት ቃል አላስተማራትም፤ በሰፈሩ ቋንቋ እየተንተባተበ ኖረ። በዚያ ዓመት ደም ግፊት ጣለው። ነፍሱን ሲያውቅ ያ የሚንተባተብበት ቋንቋ ጨርሶ ከአፉ ጠፍቶ ነበር። የቀረው የልጅነቱ ነው።

ሬዲዮ ከዚያ ቋንቋ የምታውቀው ድሮ ለጥቂት ወራት ደንበኛዋ ከነበረች፣ ኋላም ሰፈሩን ከለቀቀች ነጋዴ የለቀመችውን ነው፤ እሱም የወንበር ወሬ። አመመሽ? ላላ ላድርገው? ቀና በይ፣ ጨረስን። በዚህችው አባቷን ታስታምመዋለች። ትራሱን ስታስተካክል «ቀና በል፣ ጨረስን» ትለዋለች። እሱ ፊቱ በርቶ ረጅም ነገር ይመልስላታል። ለእሷ ግን ጠብ የሚልላት ቃል የለም።

«ጋሼ፣ አባቴ እኮ ተናጋሪ ሰው አልነበረም» አለችኝ አንዴ። «ዕድሜዬን ሙሉ ዝም ብሎኝ፣ አሁን ሲያወራኝ እኔ ደንቆሮ ልሁን?»

መልሱን በስልኳ ቀዳችው። አዲስ ደንበኛ በመጣ ቁጥር «እስኪ ይህን ስሚልኝ» ትላለች። የሚያውቀው ጠፋ።

ያን ቀን ወንበሯ ላይ የነበሩት የወለደች ልጃቸውን ሊጠይቁ ከሩቅ የመጡ እናት ናቸው። ስልኩን ጆሯቸው ላይ ስትደቅንላቸው ሳቅ አሉ። ከዚያ ሳቃቸው ቆመ።

«የኔ ልጅ፣ ማናቸው እኚህ ሰው?»

«አባቴ።»

«እንግዲህ... ደጋግመው የሚጠይቁሽ አንድ ነገር ነው። ‹አነጋገርሽ የእናቴን ይመስላል፤ የማን ልጅ ነሽ?› ነው የሚሉሽ።»

እህቴ የፀጉር ማድረቂያውን አጠፋችው። ሬዲዮ በጥርሷ ይዛው የነበረውን ማበጠሪያ አወጣችና «‹ያንተ› እንዴት ነው የሚባለው?» አለች።

ነገሯት። አጭር ቃል ናት። በየጉንጉኑ ትደግማታለች። «አይደለም፣ ከጉሮሮ አውጪው» ይሏታል፤ እንደገና ትላለች። ጓደኞቿ ያን ቀን ስለ ጣቢያ አላወሩም፤ እንዲያውም አንደኛዋ ቀስ ብላ አብራት ስትል ሰማኋት። ቃሏን ዛሬ ረስቻታለሁ። አንዳንድ ቀን ምላሴ ጫፍ ደርሳ ትመለሳለች።

ሹሩባው ሳያልቅ እናትየው እጇን ያዟት። «ሂጂ ልጄ፣ ፀጉሬ የትም አይሄድም።» ሬዲዮ ሽርጧን ሳትፈታ ወጣች።

ወደ ሥራ አልተመለሰችም። እኚያው እናት የአባቷን እህት እዚያው አገሩ አፈላልገው አገኙላት አሉ። በዚያው ሳምንት አንድ ጠዋት በሬዲዮና በአባቷ በር ላይ ዕቃ የጫነ መኪና ቆሞ አየሁ። አባቷን ደግፋ አስገባችውና አጠገቡ ተቀመጠች። ነገርሽው? ምን አለሽ? ልላት መንገዱን እየተሻገርኩ ሳለ መኪናው ተነሣ።