ስምንተኛው ደረጃና የአክስቴ ጋቢ

የመጀመሪያ ቀን ሥራዬ ኮምፒውተር ማራገብ ነበር፤ በካርቶን ክዳን።

ቦታው ኮምቦልቻ፣ የጎረቤታችን የቲቸር ሙስጠፋ ቤት ነው። ቲቸር ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ያስተምራሉ። ጥናታቸው እንደ መረብ ቋጠሮ የተደረደሩ እጅግ ጥቃቅን ማግኔቶች አንድ ላይ ምን ያህል ኃይል እንደሚይዙ ማስላት ነው። ሁሉን ባንዴ ማስላት አይቻልም። ስለዚህ ሶፍትዌሩ መጀመሪያ ሁለት ጎረቤታሞችን ያሰላል፣ ቀጥሎ ሦስቱን፣ ከዚያ አራቱን። በየደረጃው አንድ ቁጥር ይጨመራል፤ መልሱም ወደ እውነቱ ይጠጋል። ግን ደረጃው ከፍ ባለ ቁጥር የሚሰላው ቅርጽ እንደ ሠርግ ቤት እንግዳ ይበዛል።

ማዕረጌ ረዳት ነው። የትኛው ማግኔት ከየትኛው እንደሚጎራበት ፋይሉ ላይ እጽፋለሁ፣ አስጀምራለሁ፣ የመጀመሪያዎቹን ቁጥሮች ቲቸር በእጃቸው ካሰሉት ጋር አመሳክራለሁ። ከዚያ መጠበቅ ነው። መጠበቅም ሙያ ነው።

ሰባት ደረጃ በሰላም ወጣ። ስምንተኛው ላይ ኮምፒውተሩ ሞቀውና በራሱ ጠፋ። አስነሳነው፤ ደግሞ ጠፋ።

«ኮምቦልቻ አልተስማማውም። ደሴ አክስቴ ጋ ልውሰደው?» አልኳቸው።

ቲቸር አሰቡ። «ሐሙስ ከሰዓት ጥናቱን አቀርባለሁ። ስምንተኛውን ካደረስሽልኝ ክረምቱን አብረሽኝ ትሠሪያለሽ። ካልሆነ የእህቴ ልጅ ላፕቶፑን ይዞ ይመጣል።»

የእህታቸውን ልጅ አውቀዋለሁ። ላፕቶፑ ላይ የሚሠራው ኳስ መጫወት ብቻ ነው።

ማክሰኞ ኮምፒውተሩን መንገድ እንዳያንገላታው በጋቢ ጠቅልዬ ሚኒባስ ገባሁ።

«ምንድነው የታቀፍሽው?» አሉኝ አጠገቤ የነበሩ እናት።

«ኮምፒውተር ነው እማማ። ሙቀት አልቻለም።»

«ደሴ ይሻለዋል። አላህ አፊያውን ይመልስለት።»

የሚኒባሱ ረዳት ዞር ብሎ፣ «ጠመዝማዛው ላይ ካስመለሰው ቀድመሽ ንገሪኝ» አለ።

ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ አክስቴ ዘሀራ ቤት፣ ክረምት ላይ ሹራብ ሳይደርቡ አይቀመጡም። ደስ አለኝ። ጋቢውን ወንበር ላይ ጥዬ ስምንተኛውን አስጀመርኩና ፒያሳ ኬክ ልበላ ሄድኩ። አለቃ የሌለበት ሥራ እንዲህ ነው።

ስመለስ ቤቱ ጸጥ ብሏል። ኮምፒውተሩ ከአናቱ እስከ እግሩ ጋቢ ለብሷል።

«አክስቴ፣ ምን አደረግሽው?»

«ሲንቀጠቀጥ ሰማሁት። ወላሂ ጥርሱ ሲንገጫገጭ። እንግዳ እቤቴ በርዶት ይሂድ? አለበስኩት። ወዲያው ተኛልኝ።»

«አልተኛም፣ ጠፋ! የሚጮኸው የራሱ ማቀዝቀዣ ነው። እንዲበርደው እኮ ነው ያመጣሁት።»

ጋቢውን ገፈፈችና አፈጠጠችብኝ። «ታዲያ ስትገቢ አትናገሪም? ሰው እንግዳ ይዞ ሲመጣ የሚስማማውን አይናገርም?»

ኮምፒውተሩን አስነሳሁት። ሰባቱ ደረጃዎች ተቀምጠዋል፤ ስምንተኛው ግን ከሀ ተጀመረ።

ከዚያ በኋላ አለቃዋ አክስቴ ሆነች። መስኮቱን ከፈተች፣ ጋቢውን ራሷ ለበሰችና አጠገቡ ተቀመጠች። ረቡዕ ጎረቤት መጥታ መስኮቱን ልትዘጋ ስትል፣ «ተይው፣ ለሱ የታዘዘለት ንፋስ ነው» አለቻት።

ሐሙስ ጠዋት ቁጥሩ ወጣ።

«ይሄ ሁሉ ብርድ ለአንድ ቁጥር?» አለች አክስቴ።

«ለአንድ ቁጥር።»

ደወልኩ። ቲቸር ቁጥሩን ደግመው አስነበቡኝ። ከዚያ፣ «በይ ለዘጠነኛው ተዘጋጂ» አሉኝ።

አክስቴ ሰምታለች። «ንገሪያቸው፣ ለዘጠነኛው ጋቢ ይጨምሩልኝ። ለኔ።»

ከዚህ ሥራ የተማርኩት፦ ማሽን ከማስነሳት በፊት ቤት ለሚውለው ሰው ማሽኑ ምን እንደሚስማማው መንገር ያስፈልጋል። አሁን መጀመሪያ የምሠራው እሱን ነው።