የአክባሪዎ መልስ

የሆስፒታሉን የላቦራቶሪ ኃላፊ በስሙ የሚጠራው የለም፤ ኢሜይሉን ሁሉ «አክባሪዎ» ብሎ ስለሚዘጋ ይኸው ቃል ስሙ ሆኖ ቀርቷል። ትህትናው ግን ከአንገት በላይ ነው።

«በጥናታችን ይሳተፉልን» የሚል ኢሜይል ሲመጣለት የላኪውን ስም እንኳ ሳያይ፣ አንዴ ጽፎ ያስቀመጠውን መልስ ይለጥፍለታል፦ «ስላሰቡኝ ልባዊ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ጥናትዎ እጅግ ጠቃሚ ቢሆንም ባለብኝ የሥራ ጫና መሳተፍ ስለማልችል በታላቅ አክብሮት ይቅርታ እጠይቃለሁ። አክባሪዎ።» የሥራ ጫና! ከምሳ በኋላ ወንበሩ ላይ የሚያንኮራፋ ሰው ነው እኮ። ባልደረቦቹ ግን መልሱን ወደዱለት። አንዱ ከሌላው እየተቀባበለው ሆስፒታሉ በሙሉ በእሱ ቃል እምቢ ማለት ጀመረ። እሱም «እምቢ ሲባልም በወግ ነው» እያለ ደረቱን ነፋ።

ኋላ ግን ቀን ጣለው። ሁለተኛ ዲግሪ ካልያዘ ኃላፊነቱን ለሌላ እንደሚለቅ ተነገረው። እያማረረም ቢሆን ተማረ፤ የቀረው መመረቂያ ጽሑፉ ብቻ ነው። መጠይቁን ለባልደረቦቹ ሁሉ በኢሜይል በተነና ኮምፒውተሩ ፊት ተጎልቶ ይጠብቅ ጀመር።

መልሱ እንደ ጉድ ጎረፈ። «ስላሰቡኝ ልባዊ ምስጋናዬ ይድረስዎ» ይላል የመድኃኒት ቤቱ ኃላፊ። «በታላቅ አክብሮት» ትላለች የራጅ ባለሙያዋ። «እነዚህ ባለጌዎች!» አለ አክባሪዎ፣ የገዛ ቃሉን እያነበበ።

እዚያው ሆስፒታል ካርድ ክፍል የምትሠራው ሚስቱ እራት ስታቀርብ ቤት ደረሰና ጮኸባት።

«አንድ ሰው እንኳ ይጥፋ? ከሥራዬ ሊያነሱኝ ነው እኮ! አንቺስ ሞልተሽልኛል አይደል?»

«መልሼልሃለሁ። አላየኸውም?»

ስልኩን አውጥቶ ከእሷ የመጣውን ኢሜይል ፈለገ። ያው መልስ ነው፣ አንድ ቃል ሳይጎድል። ከላዩ ያለው ቀን ግን የዛሬ ስንት ዓመት ነው፤ ላኪው እሱ ራሱ፣ ተቀባይዋ እሷ። ያኔ የላከላትን ነው መልሳ የላከችለት።

«ዲግሪዬን ስማር እኔም ለሁላችሁ መጠይቅ ልኬ ነበር» አለች። «የሌላው እምቢታ ብዙም አልከበደኝም። ያንተን ሳይ ነው የተውኩት።»

«ትምህርቱ ሰለቸኝ አላልሽም እንዴ?»

«ምን ልበልህ? አንተ ከጎኔ ተኝተህ ነው ያነበብኩት።»

«ያንቺ መሆኑን አላየሁም እኮ!»

«አውቃለሁ። የማንንም አታይም።»

ይቅርታ ሊጠይቃት አፉን ከፈተ። ምላሱ ላይ የመጣለት ግን ያው «በታላቅ አክብሮት» ብቻ ነበር፤ አፉን መልሶ ዘጋ።