ሰፈር የሚዋሳት ድመቴ

ድመቴ የሞተች ዕለት ባለቤቴ ለኪዳን ወደ ደብሩ ወጥተው ነበር። ቄስ ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት ቤቱ የእኔና የድመቴ ነው። ጓዳ ስገባ ከጎታው ሥር፣ ሁልጊዜ እህሉን ስትጠብቅ በምታድርበት ቦታ፣ ተጋድማለች። «ተነሽ እንጂ፣ ነግቷል» አልኳት። አልተነሳችም። ብነካት ደርቃለች። ቁስል የለባትም፣ አረፋ አልደፈቀችም፣ ደም የለም። ማታ ወተቷን ልሳ ጨርሳ፣ ደህና ሆና ነበር የተኛችው።

የከብት ሐኪሙ በደጃችን ሲያልፍ ጠርቼ አስገባሁት። ከበሬና ከፍየል በቀር እንደማያይ እያወቅሁ ነው። ወዲያ ወዲህ አገላብጦ አያት። «እናቴ፣ ልቧም ሊሆን ይችላል፣ የበላችው ነገርም ሊሆን ይችላል። ሳይከፍቷት አይታወቅም» አለኝ። ቢላዋ አይነካትም አልኩት። «እንደ ፈቀዱ» ብሎ ሄደ።

እኛ አገር የሞተ ድመት ገደል ይጣላል እንጂ አይቀበርም። እኔ ግን ዶማ አንስቼ ከቁልቋሉ አጥር ሥር ቆፈርኩ፤ በአሮጌ ነጠላዬ ጠቅልዬም ቀበርኳት። ጎረቤት በአጥር ላይ ያየኝ ነበር። ይየኝ።

ጉረኛ ናት ይሉኛል። በሌላው እውነታቸውን ይሆናል፤ በድመቴ ግን የጎረርኩት ሲያንስ ነው። ሰፈራችን ከሰቆጣ ዳር፣ ከደብሩ በታች ነው። አይጥ እንደ አሸዋ የፈላበት አንድ ዓመት ነበር። ሰዉ ማሽላውን ቢሰቅለውም ቢሸሽገውም አልተረፈለትም። ከእኔ ጎታ እፍኝ አልጎደለም። የባለቤቴ የብራና መጻሕፍት በየማኅደራቸው ግድግዳው ላይ እንደተንጠለጠሉ ናቸው፤ አንዱ ማኅደር ላይ እንኳ የጥርስ ምልክት አታገኙም። ባለቤቴ ረቡዕና ዓርብ ወተቷን ስትልስ እያዩ «የቄስ ቤት ድመት ሆና ጾም ትሽራለች» ይሏት ነበር። ግን ሳህኑን ራሳቸው ነበር የሚሞሉላት።

ከዚያ ዓመት ወዲህ ሰፈሩ ይዋሳት ጀመር። ወንፊት ይዋሱ የለ፣ ሙቀጫ ይዋሱ የለ፤ እሷንም ሦስት ሦስት ቀን ይወስዷታል። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። መንገዱን አይታ አምልጣ እንዳትመጣ ክዳን ባለው ቅርጫት ትሄዳለች። እዚያ ውሃ እንጂ ወተት አይሰጣትም፤ የጠገበች ድመት አታድንም። ስትመለስ ደግሞ ቅርጫቱ ባዶውን አይመጣም፤ እፍኝ እህል ይደረግበታል። ኪራይ አይደለም፣ ክብሯ ነው። ቅርጫቱ የማን ቤት እንደገባ መንገደኛው ሁሉ ያያል። ድመቴን የተዋሰ ቤት የሚጠበቅ እህል ያለው ቤት ነው ማለት ነው።

ግልገሎቿ ጋዝጊብላ አሉ፣ ኒሯቅ አሉ። ከእኛው አገር ዝቋላ አንዲት ሴት ለአንድ ግልገል ብላ ቀኑን ሙሉ በእግሯ መጥታ፣ እኔ ቤት አድራ፣ በማግሥቱ በጉያዋ አቅፋ ተመልሳለች። እኛ ያለችን አንዲት ልጅ ናት፤ እሷም ባሕር ዳር ነው የምትኖረው። ባለቤቴ «ከዚህ ቤት ዘሯን ያበዛችው ድመቷ ናት» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

ለመጨረሻ ጊዜ የተዋሰቻት አበልጄ ናት። የልጄ የክርስትና እናት፣ አጥራችን አንድ የሆነ ጎረቤቴ ናት፤ ሃያ ዓመት ከአንድ ሌማት በልተናል። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ነው የምትኖር። ድመቴን የመለሰችው፣ ድመቷ ልትሞት አንድ ሌሊት ሲቀራት፣ ወደ ማታ ነው። ቁጭ ብላ ሳትጫወት የማትሄድ ሴት ያን ቀን ቅርጫቱን ከደጅ አቀብላኝ «ቸኩያለሁ» ብላ ሄደች። ስከፍተው ከድመቷ በቀር ምንም የለበትም። ያኔ ትንሽ ከፋኝና ተውኩት። ድመቴን ከቀበርኩ በኋላ ግን ያ ባዶ ቅርጫት በዓይኔ ላይ ዞረ። የአይጥ መርዝ አድርጋለች፣ ድመቴ መርዝ የበላ አይጥ በልታለች፣ አፍራ ነው ከደጅ የተመለሰች አልኩ። አንዴ ካልኩት በኋላ ማን ያስተወኛል።

ባለቤቴን «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይገዝቱልኝ» አልኳቸው። ግዝት ቀላል ነገር አይደለም። ያደረገው ካልወጣ፣ ያወቀው ካልተናገረ፣ ከሰው ማዕድ ተለይቶ ነው የሚኖር።

«ለድመት?» አሉኝ።

«ለድመቴ።»

መቋሚያቸውን ከግድግዳው አስደገፉ። «ግዝት ከአፌ ከወጣ በኋላ ማን ላይ እንደሚያርፍ እኔም አላውቅም። የጠረጠርሽው ሰው ካለ ስሙን ንገሪኝ፤ አስጠርቼ ልጠይቀው።»

የአበልጄ ስም አፌ ላይ ደረሰ፤ መልሼ ዋጥኩት። ስሟን ከጠራሁ የልጄን የክርስትና እናት በገዛ እጄ ከቤቴ ማስወጣቴ ነው። ካልጠራሁ ደግሞ ድመቴ በከንቱ ሞታ ቀረች። «እስከ እሑድ ያስቡበት» አልኳቸው። ማሰብ የነበረብኝ እኔ ነኝ።

በማግሥቱ ሰዎች ይመጡ ጀመር። ለድመት ልቅሶ አይደረስም፤ ስለዚህ ሁሉም ሰበቡን ይዞ መጣ። አንዷ ከዓመት በፊት የወሰደችውን ወንፊት መለሰች። አንድ ሽማግሌ ባለቤቴን ፈልገው እንደመጡ ነገሩኝ፤ ባለቤቴን ግን አሁን እዚያው ደብሩ ላይ ሰላም ብለዋቸው ነው የመጡ። ሌላዋ ንፍሮ በሰፌድ ይዛ «ብቀቅለው በዛብኝ» አለችኝ። ንፍሮ የልቅሶ ቤት ምግብ መሆኑን ማን ያጣዋል። ቁጭ ይላሉ፣ ወደ ጓዳው አየት ያደርጋሉ። ነፍስ ይማር አይባል ነገር። ሽማግሌው ሲነሱ «ሥራዋን በደንብ ሠርታ ነው የሄደች» አሉኝ። ኮራሁ። ለስንቱ ሰው እንዲህ ይባልለታል?

አበልጄ ግን አልመጣችም። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ጠበቅኋት። አለመምጣቷን እንደ ምስክር ቆጠርኩባት።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ መጣች። ከጠያቂዎቹ ለአንዷ አምልጦኝ ነበርና፣ ግዝት ሊወጣ ነው ሲባል ሰምታለች። አልተቀመጠችም። «እኔን ነው የጠረጠርሽ» አለችኝ።

«መርዝ አላደረግሽም?»

እጄን ይዛ ቤቷ ወሰደችኝ። ጓዳዋን ከፍታ የጎታዋን ክዳን አነሳችው። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ጎታው እስከ ታች ባዶ ነው፤ ተጠርጎ ነው ያለው።

«መርዝ ለምኔ ነው? አይጥ እንኳ ትቶኝ ሄዷል። ድመትሽ ሦስት ቀን ከዚህ ጥግ ተቀምጣ እኔን ስታይ ነው የከረመች።»

«ታዲያ ለምን ተዋስሻት?»

«ቤት ሁሉ ሲዋሳት የኔ ቤት ቢቀር ምን ይባላል?» ወዲያው በኽምጣኛ አንድ ነገር ተናገረች፤ ስትናደድ ወደ እናቷ ቋንቋ ነው የምትመለስ። ቀጥላም ወደ ደብሩ ዞራ ልትምል እጇን አነሳች። እጇን ይዤ አወረድኩት። ደግ ሆኜ አይደለም። ክረምቱን ሙሉ በአንድ አጥር ኖሬ የጎታዋን ባዶ መሆን ያላወቅሁ ሴት፣ እሷን የማስማልበት ምን ፊት አለኝ? ያኔ አለቀስኩ። ለድመቴ ይሁን ለአበልጄ አልለየሁትም፤ ድመቴ ከሞተች ወዲህ የወጣኝ የመጀመሪያው እንባ ነው።

ማታ ባለቤቴን ግዝቱ እንዲቀር ነገርኳቸው።

«አወቅሽ?»

«አላወቅሁም» አልኩ። ዛሬም አላውቅም። ከዚያ ወዲህ አልጠየቅሁም።

እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ሰዉ እንደ ልማዱ ከዋርካው ጥላ ሥር ቆሞ ይጫወታል። አበልጄ ከሴቶቹ መካከል ናት። እህል ስጭልኝ የማትል ሴት ናት፤ ብሰጣትም አፍራ ዳግም ደጄን አትረግጥም። ሌሊቱን ያሰብኩትን ሰዉ እየሰማ ጮክ ብዬ ተናገርኩ።

«አበልጄ፣ ድመቴ ሞታለች፤ እህሌን የሚጠብቅልኝ የለም። ግማሹን አንቺ ቤት አኑሪልኝ፤ ጠባቂም አይራብም፣ ከሱው እየበላሽ ጠብቂልኝ።»

ሴቶቹ ወደ እሷ ዞሩ። ነጠላዋን አስተካከለች፣ ቀና አለች።

«አምጪው» አለችኝ፤ «ቦታ አላጣም።»